በመተማ መንገድ የሚሞተው እግረኛና የድንገተኛ ክፍል መዝገብ

በየጤና ተቋማቱ የድንገተኛ ክፍል መዝገብ ላይ ከሚሰፍሩት አህጽሮተ ቃላት መካከል «አር.ቲ.ኤ.»ን ያህል በፍጥነት የሚጻፍ፣ ያንኑ ያህልም ነገር የሚሸፍን ጥቂት ነው። «የመንገድ ትራፊክ አደጋ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ የተወሰዱ ሦስት ፊደላት ናቸው። የወባ ሕመምተኛ ሲመጣ ፋልሲፓረም ይሁን ቫይቫክስ ተለይቶ ይጻፋል። የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ ሲመዘገብ አዲስ ይሁን ሕክምና አቋርጦ የተመለሰ፣ ሕመሙ ሳንባ ላይ ይሁን ከሳንባ ውጭ ይጠየቃል። በከባድ መኪና የተገጨ እግረኛ፣ ከጭነት ላይ የወደቀ ተሳፋሪ፣ ባጃጅ የተገለበጠባት ነፍሰ ጡርና እንቅልፍ ጥሎት ከመንገድ የወጣ ሹፌር ግን አራቱም በአንድ መስመር «አር.ቲ.ኤ.» ተብለው ያልፋሉ። ስብራቱ ይጠገናል፣ ደሙ ይቆማል፤ የሕመሙን መነሻ የመጠየቁ ሥራ ግን ሳይጀመር ያበቃል። ልማዱ በመላ አገሪቱ ያለ ነው። ጉዳቱ ጎልቶ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ግን ከጎንደር ወደ ሱዳን ድንበር የሚወርደው መንገድና መንገዱ የሚያቋርጠው የመተማ ቆላ ነው።

ቃሉ ራሱ በሕክምናው ዓለም ሲተች ቆይቷል። የብሪታንያ ሜዲካል ጆርናል እ.ኤ.አ. በ2001 «አክሲደንት» የሚለውን ቃል ከገጾቹ ለማስወገድ መወሰኑን አስታውቆ ነበር። ምክንያቱም አብዛኛው የአካል ጉዳትና ለጉዳቱ መነሻ የሆነው ክስተት አስቀድሞ ሊገመትና ሊከላከሉት የሚቻል ነው የሚል ነው። ከዚያ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1896፣ ብሪጅት ድሪስኮል የተባለች እግረኛ ለንደን ውስጥ በሞተር መኪና ተገጭታ ስትሞት፣ አሟሟቷን የመረመረው ሸንጎ የሰጠው ፍርድ «በድንገተኛ አደጋ የደረሰ ሞት» የሚል ነበር። ሞተር መኪና ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ይህ ፍርድ ሊያስደንቅ አይገባም። የሚያስደንቀው ዛሬም በየመዝገቡ ላይ ያው ፍርድ በየቀኑ መጻፉ ነው።

በአማርኛ ነገሩ ይብሳል። «አደጋ ደረሰበት» ሲባል የግሡ ባለቤት አደጋው ነው፤ እንደ መንገደኛ ከሩቅ ተነሥቶ ሲመጣ ቆይቶ ሰውየው ዘንድ ይደርሳል። ተገጪ አለ፣ ገጪ የለም። «መኪናው ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ» የሚለው የዜና አነጋገርም ተሽከርካሪውን እንደ ደነበረ በቅሎ ያደርገዋል። ገበሬው በራሱ አፍ «መኪና ገጨው» ብሎ የተናገረውን፣ ባለሙያው በሚያውቀው የሙያ ቋንቋ ሲጽፈው ገጪው ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣል። (ዐሥረኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባም ይህንኑ ቃል እስከ መጨረሻው ሳይለቅ ዘልቋል። ሆኖም ምደባው ቃሉን ቢይዝም ዝርዝሩን አልተወም፤ ወደዚህ ነጥብ ኋላ መመለስ ይገባል።)

መንገዱ ከአዘዞ ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላትን አይከልን ያልፋል። በነጋዴ ባሕር በኩል ቁልቁል ወርዶ ከ1,000 ሜትር በታች ወዳሉት ወደ ገንዳ ውኃና ወደ ኮኪት ይዘልቃል፤ መጨረሻውም ከሱዳኗ ገላባት ፊት ለፊት የምትገኘው መተማ ዮሐንስ ናት። ከጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከተማዪቱ ስሟን ያገኘችው ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 ዓ.ም. መጋቢት ወር ከወደቁበት ጦርነት ነው። ከዚያ ወዲህ ባለው ዘመን ደግሞ የታወቀችው በንግድ ነው። ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ በዚህ መንገድ ወደ ደጋ ይወጣል። ከሱዳን ቤንዚን ይገባበት በነበረበት ጊዜ ቦቴዎች ተሰልፈው ይመላለሱበት ነበር። ለሱዳን ገበያ የሚቀርበው የቁም ከብትም የሚነዳው በዚሁ አቅጣጫ ነበር። አሽከርካሪው ጠመዝማዛውን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ተጠንቅቆ ይወርድና ቆላው ላይ ሲደርስ ቀጥ ያለ ሜዳ ይገጥመዋል። በበጋው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ፍሬን ላይ የደከመው እግር እፎይ ብሎ ወደ ነዳጁ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው፤ መንደሮቹ የሚጀምሩትም እዚህ ላይ ነው።

በዚሁ መንገድ ዳርና ዳር የሚሄደው ሕዝብ አብዛኛው የአካባቢው ነዋሪ አይደለም። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከጎጃም፣ ከጋይንት፣ ከወሎና ከሌሎች ደጋማ አካባቢዎች የሚወርደው ወቅታዊ ሠራተኛ በሰሜን ምዕራብ ቆላዎች በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነው። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ በጥቂት ቀናት ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል። ስለዚህ ከመስከረም እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ባለሀብቱ ሠራተኛ ፍለጋ፣ ሠራተኛውም የተሻለ ዋጋ ፍለጋ ይሯሯጣሉ። ሰው ከእርሻ ወደ እርሻ በእግሩ ይዘዋወራል። የቀኑን ቃጠሎ ለመሸሽ ጎሕ ሳይቀድ ወይም ከመሸ በኋላ ይጓዛል። የመንገድ መብራት የለም። ዘመድ የለውም፣ አካባቢውን አያውቀውም፤ ከባድ መኪና በምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደሚደርስበት በመብራቱ ርቀት የመገመት ልምድም አላዳበረም። ያው ወቅት ምርቱን ለመጫን የከባድ መኪናው ቁጥር የሚበዛበት ወቅት ነው። የተጋላጩና የአጋላጩ ቁጥር በአንድ ወር ሲጨምር የሕብረተሰብ ጤና ባለሙያ ምን ብሎ እንደሚጠራው ግልጽ ነው፤ በወባ ቢሆን ኖሮ «ወረርሽኝ የሚጠበቅበት ወቅት» ተብሎ በየዓመቱ ዕቅድ ይወጣለት ነበር።

በዚሁ አካባቢ የጤና ባለሙያው ሌላ በሽታ ላይ ያሳየው ትጋት ንጽጽሩን ይበልጥ ያጎላዋል። ካላዛር በመተማና በአርማጭሆ ቆላዎች ወቅታዊ ሠራተኞችን ሲያጠቃ፣ ባለሙያው በሽተኛውን ከየት መጣህ፣ ስንት ወቅት ሠራህ፣ ሌሊት የት ታድራለህ፣ ከግራር ሥር ወይስ ከተሰነጠቀ ዋልካ መሬት አጠገብ፣ አጎበር አለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በአብደራፊ ለዓመታት ያካሄዱት ሥራም ሆነ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጧቸው ጥናቶች የተገነቡት በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ነው። አሸዋ ዝንቧ የምትኖርበት አፈር ታውቋል፣ የምትነክስበት ሰዓት ታውቋል። ያው ሠራተኛ በዚያው ወር በመኪና ተገጭቶ ሲመጣ ግን የት ስትሄድ ነበር፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው የመንገዱ ጠርዝ፣ ምን ዓይነት መኪና ብሎ የሚጠይቀው የለም። እርሻው፣ ሰውየውና ወሩ አንድ ሆነው ሳለ፣ ለአንደኛው ሕመም ሙሉ የተጋላጭነት ታሪክ ሲወሰድ ለሁለተኛው ሦስት ፊደላት ብቻ ይጻፋሉ።

የዋልካው ነገር በዚህ ብቻ አያበቃም። ለእግረኛ ከሚሰጠው ትምህርት ሁሉ የታወቀው «ግራህን ይዘህ ተጓዝ» የሚለው ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ ተሽከርካሪ ቀኙን በሚይዝበት አገር ግራውን የያዘ እግረኛ የሚመጣበትን ፊት ለፊት ያየዋል። ነገር ግን ምክሩ የሚረገጥ ጠርዝ እንዳለ አድርጎ ይነሣል። በክረምት ጥቁር ዋልካ እግርን እስከ ቁርጭምጭሚት ይይዛል፣ ጫማ ያወልቃል፤ ከጠርዙ ወዲያ ያለው የውኃ መውረጃ ቦይ ይሞላል፣ ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል። አስፋልቱ ደረቅ የሆነው ብቸኛ መሄጃ ነው። ለአረም የወረደ ሠራተኛ በሐምሌ አስፋልቱ ላይ ቢሄድ «ቸልተኛ» የሚባለው በምን ሚዛን ነው? በበጋ የአሸዋ ዝንብ የሚያረባው አፈር በክረምት ሰውን ወደ መኪና ጎማ ይገፋዋል። እንዲህ ያለውን እውነት ከሕመምተኛው አፍ ሊሰማ የሚችለው የጤና ባለሙያው ነው፤ የመንገድ መሐንዲስ ድንገተኛ ክፍል አያድርም።

ወደ አሽከርካሪው ስንመለስ፣ ስለ ትራፊክ ደኅንነት በተነገረ ቁጥር ከመቶ ሰማንያ፣ አንዳንዴም ዘጠና የሚሆነው አደጋ በአሽከርካሪ ጥፋት የሚደርስ ነው ሲባል ይሰማል። ሕዝቡም የራሱን ፍርድ በቅጽል ስም ሰጥቷል፤ ኢሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖ ትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎታል። ምሬቱ መሠረት አለው። ጫት ቅሞ ሌሊቱን የሚነዳ፣ ሠላሳ ሰው ከሰሊጥ ጆንያ በላይ የሚጭን፣ መንደር ሲደርስ ፍጥነት በመቀነስ ፈንታ ጥሩምባ የሚነፋ አሽከርካሪ መኖሩን ማንም አይክድም። ጥሩምባው ለብቻው ሊጠና የሚገባው ባህል ነው፤ «ሰምተሃል፣ እንግዲህ የራስህ ጉዳይ ነው» ብሎ ኃላፊነቱን ወደ እግረኛው የማሻገሪያ መሣሪያ ሆኗል።

ይሁን እንጂ «የአሽከርካሪ ባሕርይ» የሚለው ማብራሪያ «አር.ቲ.ኤ.» ከሚለው ያላነሰ በር ይዘጋል። መቶኛው የሚወጣው መርማሪው ከሚሞላው ቅጽ ነው፤ ቅጹ ላይ የሚገኙት አማራጮች ደግሞ በአብዛኛው ለእግረኛ ቅድሚያ አለመስጠት፣ ከመጠን በላይ መፍጠን፣ ርቀት አለመጠበቅና የመሳሰሉት ናቸው። «የእግረኛ መንገድ አለመኖር» የሚል ሳጥን የሌለው ቅጽ የእግረኛ መንገድ በማጣት የሞተ ሰው ሊያገኝ አይችልም። ገቢው በምልልስ ብዛት የሚወሰን፣ ሰሊጡ ሳይረግፍ፣ ዝናቡ ሳይመጣ፣ ገበያው ሳይወርድ ድረስ የሚባል አሽከርካሪ እንቅልፉን የሚሸጠው በባሕርይው ብልሹነት ብቻ አይደለም። የጫነው ነጋዴና የመኪናው ባለቤት በቅጹ ላይ ስማቸው አይነሣም። ገጭቶ የሚሸሸውም ሁልጊዜ ጨካኝ ስለሆነ አይደለም፤ መሣሪያ በሚያዝበት አገር ቆሞ ቢረዳ ከሟቹ ዘመድ የሚጠብቀውን ያውቃል። ሽሽቱ በዚህ ትክክል አይሆንም። ነገር ግን ሽሽቱን ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው ፍርሃቱን ማወቅ አለበት።

በዚህ ነጥብ ላይ የሕክምናው ሙያ ከሌሎች ይልቅ ነገሩን ሊረዳው ይገባል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሲደነግግ፣ በንዑስ አንቀጽ 2 የሌላውን ሰው ሕይወት፣ ጤንነት ወይም ደኅንነት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለባቸውን ለይቶ ቅጣቱን ያከብድባቸዋል። በምሳሌነት የጠቀሳቸው ሁለት ሙያተኞች ሐኪምና አሽከርካሪ ናቸው። ሕጉ ሁለቱን በአንድ ወንበር አስቀምጧቸዋል። ሐኪሙ ስለ ራሱ ስሕተት ሲናገር የሚያቀርበው ክርክር ደግሞ ይታወቃል፤ የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1999 «መሳሳት የሰው ነው» በሚል ርእስ ያወጣው ሪፖርት ከተነበበ ወዲህ፣ በሆስፒታል የሚደርስ ሞት በአንድ ግለሰብ ድክመት ብቻ ሊብራራ እንደማይገባ፣ የሥራ ሰዓት ርዝመት፣ የመድኃኒት ጠርሙሶች መመሳሰል፣ የባለሙያ እጥረትና የአሠራር ጉድለት አብረው መመርመር እንዳለባቸው በየጉባኤው ይነገራል። 36 ሰዓት ያለ እንቅልፍ የሠራ ሐኪም የመድኃኒት መጠን ቢያሳስት «ሥርዓቱ ይመርመር» የሚል ሙያ፣ ያንኑ ያህል ሰዓት ያለ እንቅልፍ የነዳውን ሹፌር «ባሕርይው ነው» ብሎ ካሰናበተ ሚዛኑ ሁለት ነው።

ዊሊያም ሃደን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ይህን ሚዛን ለማስተካከል የሞከረው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 የአገሩን የአውራ ጎዳና ደኅንነት መሥሪያ ቤት እንዲመራ የተሾመው ይህ ሰው የሕብረተሰብ ጤና ባለሙያ ነበር፤ የመንገድ ጉዳትንም እንደ ተላላፊ በሽታ ተጠቂ፣ አጥቂና አካባቢ ብሎ ከፍሎ ከግጭቱ በፊት፣ በግጭቱ ጊዜና ከግጭቱ በኋላ ለየብቻ እንዲታይ አድርጓል። በእርሱ አመለካከት በሽታ አምጪው መኪናውም ሹፌሩም አይደሉም፤ የእንቅስቃሴ ጉልበት ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው የተሽከርካሪ ፍጥነት በሰዓት ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር ሲጨምር በመኪና ፊት የተመታ እግረኛ የመሞት ዕድል አራት ተኩል እጥፍ ያድጋል። አማካይ ፍጥነት በአንድ በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚያደርስ ግጭት የመከሰት ዕድል በአራት በመቶ ያህል ይጨምራል። ቁጥሮቹ ስለ ተራ መኪና የተነገሩ ናቸው። በመተማ መንገድ የሚበዛው ፊቱ ቀጥ ያለ የጭነት መኪና ነው፤ እንደ ቤት መኪና ቅልጥምን መትቶ ሰውን ወደ ኮፈኑ አያነሣም፣ ደረትንና ራስን በአንድ ጊዜ ይመታል። ስለዚህ የቁስሉ ቁመት ራሱ ማስረጃ ነው። በአዋቂ ሰው ላይ የቅልጥም ስብራት ብቻ ያየ ሐኪምና የተደቆሰ ደረት ያየ ሐኪም ሁለት የተለያዩ መኪኖችን አይተዋል፤ በመዝገቡ ላይ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው።

ጉልበቱን መቀነስ ደግሞ በስብከት ብቻ የሚሆን አይደለም። ከአክራ ወደ ኩማሲ የሚወስደው የጋና አውራ ጎዳና እንደ ገንዳ ውኃው ሁሉ ከተማ መካከል የሚሰነጥቅ ነው። ሱሁም በተባለችው ከተማ መጋጠሚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 አካባቢ ተከታታይ የመንገድ ጉብታዎች ሲሠሩ፣ ግጭት በ35 በመቶ፣ ሞት በ55 በመቶ ቀንሷል። የጋና ሹፌሮች ባሕርይ በአንድ ዓመት አልተለወጠም። መኪናው በግድ ቀዝቅዞ ስላለፈ ብቻ ሰዎች በሕይወት ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2020 በስቶክሆልም የወጣው የአገሮች መግለጫ እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ያሳሰበው በዚሁ ስሌት ነው። አዲስ አበባ ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ ጎዳናዎቿን ለአንድ ቀን ለእግረኛ ስትከፍት ነገሩ እንደ በዓል ታይቶ ነበር። በኮኪትና በገንዳ ውኃ ሰው መንገዱ ላይ የሚውለው በየቀኑ ነው፣ ማንም ሳይጋብዘው፤ መኪናውም አብሮት ይውላል።

የጤና ባለሙያው መዝገብ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስፈልግ በቁጥርም ማሳየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ኢትዮጵያ በመንገድ ግጭት ሞቱ ብላ ያስታወቀችው ሰዎች ቁጥር ከ4,300 ጥቂት ይበልጥ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚያው ዓመት የገመተው ከ27,000 በላይ ነው። ግምት ግምት ነው፤ በሞዴል የተሠላ ስለሆነ ሊከራከሩበት ይቻላል። ስድስት እጥፍ የሚሆን ልዩነት ግን በስሌት ስሕተት ብቻ አይብራራም። ተፈሪ አበጋዝና ባልደረቦቻቸው ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ ባለው መንገድ ላይ የፖሊስንና የሆስፒታልን መዝገብ አገናኝተው እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናትም ሁለቱም ለየብቻቸው ብዙ ሰው እንደሚያመልጣቸው አሳይቷል። ይህ የተገኘው ሆስፒታልም ፖሊስም በሚበዛበት መሥመር ላይ ነው። በመተማ ቆላ ከግጭቱ ቦታ እስከ ገንዳ ውኃ፣ ከገንዳ ውኃ ደግሞ በሪፈር እስከ ጎንደር የሚጓዝ ቁስለኛ ቢሞት፣ በየትኛው መዝገብ ላይ ይሞታል? በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ከግጭቱ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ የሚሞት ሁሉ የመንገድ ሟች ነው። በተግባር ግን የትራፊክ ፖሊሱ ቅጹን የሚዘጋው ቁስለኛው ነፍሱ ሳለች ነው፤ ጎንደር ላይ በዐሥራ አንደኛው ቀን በኢንፌክሽን የሚሞተው ሰው የሞቱ ምክንያት «ሴፕሲስ» ተብሎ ይጻፋል። መኪናው በመንገድ ላይ ይጠፋል።

ለቤተሰቡ ይህ የወረቀት ጉዳይ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የ3ኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 559 ማንኛውም በተሽከርካሪ የተጎዳ ሰው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት ሰጥቷል። ገጪው መኪና ባይታወቅ ወይም መድን ባይኖረው እንኳ ካሣ የሚከፈልበትን ፈንድ አቋቁሟል። አዋጁ ሲወጣ ለሰው ሞት የተወሰነው ካሣ ቢበዛ 40,000 ብር ሲሆን፣ ለንብረት ጉዳት ግን እስከ 100,000 ብር ነበር። በግጭት የተገለበጠ ጭነት ከገጨው ሰው በላይ ዋጋ ሊያወጣ ይችል ነበር ማለት ነው። ሕጉ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። የማይሻሻለው ግን ማስረጃ የመኖሩ ግዴታ ነው። ከጋይንት የወረደ፣ መታወቂያ ያልያዘ፣ ስሙን ሳይናገር የሞተ ሠራተኛ በመዝገቡ ላይ «ያልታወቀ፣ ወንድ፣ አር.ቲ.ኤ.» ተብሎ ከተጻፈና ከተቀበረ፣ እናቱ በኅዳር ይመለሳል ብላ ስትጠብቀው ትከርማለች። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና የመኪና ዓይነት ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ግን ወንድሙ ፍለጋ በመጣ ጊዜ የሚያገኘው አንድ መሥመር ይኖር ነበር። ፎቶግራፍ፣ የልብሱ ቀለም፣ በኪሱ የተገኘ የእርሻ ባለቤት ስልክ ቁጥር ቢቀመጥ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በመንገዱ ላይ የሚሄደው ሰው ዓይነት ተለውጧል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲጀመር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመተማ በኩል ገብተዋል፤ ልጅ ያዘሉ፣ ሻንጣ የሚጎትቱ። በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ከመጠለያ የወጡ ስደተኞች አውላላ አካባቢ በመንገዱ ዳር ሰፍረው ሰንብተዋል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭትም በመተማ መሥመር ጉዞን፣ የአምቡላንስ ምልልስንና ሪፈርን አስቸጋሪ አድርጎት ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ መንገድ ጉዳት መዝገብ መናገር ቅንጦት ይመስላል። ሆኖም ጥይት ያቆሰለው ሰው ሲመጣ ጊዜውና ቦታው በጥንቃቄ ይጻፋል፤ ምክንያቱም አንድ ቀን የሚጠይቅ እንደሚመጣ ይታወቃል።

ከባለሙያው የሚፈለገው ብዙ አይደለም። ዐሥረኛው ዓለም አቀፍ ምደባ ለተገጨ እግረኛ ከ«ቪ01» እስከ «ቪ09» ያሉትን ምድቦች ሰጥቷል፤ በመኪና ወይም በፒክአፕ ለተገጨ «ቪ03»፣ በከባድ ጭነት መኪና ወይም በአውቶቡስ ለተገጨ «ቪ04»። በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ የተጎዳ ደግሞ በ«ቪ60»ዎቹ ውስጥ ይወድቃል። ምደባውን ለማስታወስ ጊዜ የሌለው «እግረኛ፣ በኢሱዙ፣ ኮኪት መግቢያ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት» ብሎ ቢጽፍ ከማንኛውም ኮድ ይበልጣል። ለእንዲህ ያለው መዝገብ ኮምፒዩተርም ፕሮጀክትም አያስፈልግም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም ያሠለጠናቸው የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች ሕመምተኛውን ከማከም አልፈው ውኃውን፣ ቤቱንና ረግረጉን እየዞሩ እንዲያዩ ታስቦ ነበር። የሁለት ሰሊጥ ወቅት መዝገብ በአንድ ገጽ ላይ ቢደረደር ሟቾቹ በ180 ኪሎ ሜትሩ ላይ እኩል ተበትነው አይገኙም፤ በጥቂት ቦታዎች ይከማቻሉ። ያን ገጽ ይዞ ወደ ወረዳው አስተዳደርና ወደ መንገዶች አስተዳደር የሚሄድ የጤና ኃላፊ «አሽከርካሪዎች ይጠንቀቁ» ከሚል ደብዳቤ የተሻለ ነገር ይዟል፤ ጉብታው የት እንደሚሠራ በሜትር ሊናገር ይችላል።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ የታወቀ ነው፤ የሌሊት ተረኛው አንድ ነርስ ነው፣ ደም የሚፈሰው ሰው ፊቱ ተኝቷል፣ ጽሕፈት ቆይቶ ይደርሳል ይባላል። ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው፤ የአየር መተላለፊያ፣ አተነፋፈስና የደም ዝውውር ከጽሕፈት ይቀድማሉ። ችግሩ ቁስለኛው ብዙ ጊዜ ራሱን ስቶ የሚመጣ መሆኑና ያመጣው ሰው፣ ቆሞ ያነሣው የሌላ መኪና ሹፌር ወይም ረዳቱ፣ ምስክር ተብሎ እንዳይያዝ ፈርቶ ሞተሩን ሳያጠፋ ለመመለስ የሚቸኩል መሆኑ ነው። ከቃሬዛው ጋር እስከ በሩ ይገባል። የወደቀበትን ቦታ የሚያውቀው ግን እርሱ ነውና፣ ጥበቃውም ቢሆን «የት አገኛችሁት?» ብሎ ሊጠይቀው የሚችለው ያኔ፣ በሩ ላይ ነው።